ፖሊሽና ግሌዝ ለብርማ ሜታሊክ ቀለም
በደብረ ብርሃን መኪና ለማስወልወል ስንሄድ የሚያብረቀርቀውን ቅባት ሁሉ «ፖሊሽ» ማለት ስለለመድን፣ ፖሊሽንና ግሌዝን አንድ አድርገን እንገዛለን፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ፖሊሽ በያዘው ደቃቅ ሞራጅ ብናኝ የላይኛውን ሽፋን በጥቂቱ እየፋቀ ጭረቱን ያስወግዳል። ግሌዝ በአንጻሩ ጭረቱን በቅባት ሞልቶ ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለሆነም ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭረቱ ተመልሶ ይታያል።

ብርማ ሜታሊክ ቀለም ብልጭታውን የሚያገኘው በውስጡ ከተበተኑት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ሲሆን፣ በላያቸው የሚያርፈው ክሊር የተባለው ግልጽ ሽፋን እጅግ ስስ በመሆኑ እያንዳንዱ ፖሊሽ ይበልጥ ያሳሳዋል። ክሊር ባለው መኪና ላይ ስትወለውሉ በጨርቁ ላይ ግራጫ ብርማ ቀለም ካያችሁ ክሊሩ ተበልቷልና እባካችሁ ወዲያው አቁሙ።

ብርማ ቀለም ጭረትን እንደ ጥቁር ቀለም አጉልቶ ስለማያሳይ፣ በእኔ እምነት ሸካራው ፖሊሽ እምብዛም አያስፈልገውም። መኪናው ታጥቦ ጥላ ሥር ከቀዘቀዘ በኋላ በቅድሚያ ደቃቁ ፖሊሽ፣ ከዚያ ግሌዝ፣ በመጨረሻም ሰም ይቀባል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ስለሆነ ግሌዝ ያለ ሰም ቀለሙን አይጠብቀውም።