ባቲክ ኩዊልት በማሽን ጥልፍ

ኩዊልት ከላይ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ ከመሃል የጥጥ ንጣፍ፣ ከስር ገበር ተደርጎ ሦስቱ በስፌት የሚያያዙበት የአልጋ ልብስ ወይም የግድግዳ ጌጥ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ መስፋት በብዙ አገር አለ፤ የራሱ ሙዚየም፣ ውድድርና ሰፊ ገበያ ያለው ሙያ ሆኖ የገነነው ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። ኬንታኪ ግዛት ፓዱካ ከተማ ያለው የኩዊልት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1991 ተከፍቷል፤ ኔብራስካ፣ ሊንከን ከተማ ላይም ሌላ ትልቅ ሙዚየም ይገኛል። እዚህ የምናየው ኩዊልት የሚሠራው ከባቲክ ጨርቅ ሲሆን፣ ካሬዎቹ ሳይገጣጠሙ በፊት በኮምፒውተር ማሽን ይጠለፋሉ። ጨርቁ ከኢንዶኔዥያ፣ አገጣጠሙ ከአሜሪካ፣ የጥልፍ ማሽኑ አመጣጥ ደግሞ ከአውሮፓና ከጃፓን ነው።

ባቲክ ጨርቅን በሰም እየከለሉ የማቅለም ጥበብ ነው። ሰም ያረፈበት ቦታ ቀለም ስለማይገባው፣ ሰሙ ሲለቅ የቀድሞው ቀለም እንዳለ ይወጣል። የጃቫ ደሴት ከተሞች ሶሎ፣ ዮግያካርታ፣ ፔካሎንጋንና ቺሬቦን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቀለምና ንድፍ ይታወቃሉ። በጥንቱ አሠራር ሴቶች ቻንቲንግ በምትባል የመዳብ አፍንጫ ባላት ብዕር ትኩስ ሰም እያንጠባጠቡ በእጅ ይሥላሉ፤ አንድ ጥሩ ጨርቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቻፕ የሚባል የመዳብ ማኅተም መጣና ሥራው ተፋጠነ፤ ማኅተሙን የሚመቱት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ባቲክ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2009 ሲሆን፣ አገሪቱ ያን ቀን በየዓመቱ የባቲክ ቀን አድርጋ ታከብረዋለች።

ለኩዊልት የሚሸጠው ባቲክ ይበልጡን ባሊና ጃቫ ላይ ለውጭ ገበያ የሚሠራ የጥጥ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ነጩ ጨርቅ በእጅ ይቀለማል፤ ቀጥሎ ማኅተሙ ትኩስ ሰም ውስጥ እየተነከረ ይመታበታል፤ እንደገና ተቀልሞ በፈላ ውኃ ሰሙ ይወጣል። ሁሉም በእጅ ስለሚሠራ ሁለት ጣቃ አንድ ዓይነት አይወጣም። ዛሬ ሁለት ሜትር ገዝቶ ቢያጥረኝ እመለሳለሁ የሚል ሰው ያንኑ ቀለም ላያገኝ ይችላል፤ ለጀርባም ለጠርዝም የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ማስቆረጥ ይሻላል።

ለሚሰፋ ሰው ዋናው ነገር ሽመናው ነው። ባቲክ ከተራው የኩዊልት ጥጥ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጠርዙ ቶሎ አይተረተርም፣ ሲቆረጥ ቅርጹን ይይዛል፣ ፊቱና ጀርባውም ብዙ አይለያይም። ጥልፍ የሚሸከመውም ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል መርፌ የወጋው ቀዳዳ ቶሎ አይገጥምም፤ የተበላሸ ጥልፍ ከተፈታ በኋላ ነጠብጣቡ ይቀራል። በእጅ ኩዊልት የሚሰፉ ሰዎችም መርፌው አልገባ ይላቸዋል፤ ይህ ጨርቅ የማሽን ጨርቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በማሽን መጥለፍ ረጅም ታሪክ አለው። ፈረንሳይ ውስጥ ሙሉዝ ከተማ የነበረው ጆስዌ ሃይልማን እ.ኤ.አ. በ1828 የመጀመሪያውን የጥልፍ ማሽን ሠራ፤ የስዊሱ ኢሳክ ግሮብሊ በ1863 ሺፍሊ የተባለውን ማሽን ሲፈለስፍ ሳንክት ጋለን የጥልፍ ከተማ ሆና ገነነች። በኮምፒውተር የሚታዘዘው ጥልፍ ወደ ቤት የገባው ግን ዘግይቶ ነው፤ የጃፓኑ ጃኖሜ ለቤት የሚሆን ማሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ያሠራ ሰው ኮምፒውተር ጥልፍ የሚባለውን ያውቀዋል። የሥራው መርህ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የፋብሪካው ማሽን ብዙ መርፌ ስላለው ቀለሙን ራሱ ይቀያይራል፣ በብዙ የቤት ማሽኖች ላይ ግን መርፌው አንድ ብቻ ስለሆነ ክሩን የምትቀይረው ሰፊዋ ናት። ንድፉ በፋይል ይገዛል ወይም ይዘጋጃል፤ ፋይሉ ከማሽኑ ጋር መስማማት አለበት፦ ለብራዘር ማሽን ፒኢኤስ የሚባለው የፋይል ዓይነት፣ ለጃኖሜ ጄኢኤፍ፣ ለታጂማ ዲኤስቲ።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው የቀለም ምርጫ ነው። ባቲክ በራሱ ወዝና ሥዕል የሞላበት ነው፤ ሐምራዊ ከሰማያዊ፣ ሰማያዊ ከአረንጓዴ እየተቀላቀለ ይሄዳል። በዚያ ላይ ባለብዙ ቀለም አበባ መጥለፍ ክርና ጊዜ መጨረስ ነው፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ምንም አይታይም። ለጥልፍ ካሬ እንደ አሸዋ ወይም ጭጋግ ያለ ጸጥ ያለ ባቲክ ተመርጦ፣ ሥዕል የበዛበት ለዙሪያው ቢቀር ይሻላል። ክሩ ከጨርቁ በደንብ መድመቅ ወይም መጥቆር አለበት፤ ጥቂት ዘለላ ክር ጨርቁ ላይ ጣል አድርጎ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሳት ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

ጥልፍ ጨርቅ ይስባል። ጥቅጥቅ ብሎ የተጠለፈ ካሬ መጠኑ ይቀንሳል፣ ጎኖቹም ይጣመማሉ። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሕግ መጀመሪያ መጥለፍ፣ ኋላ መቁረጥ ነው። መጨረሻ ላይ 12 ኢንች የሚሆን ካሬ ከ15 ኢንች (38 ሴንቲ ሜትር) ጨርቅ ይጀምራል። ጨርቁ መሃሉ በማጠፍ ምልክት ይደረግበትና ከማጠንከሪያው (ከስሩ ተደርጎ ጨርቁን ደግፎ ከሚይዘው ስስ ንጣፍ) ጋር መወጠሪያው (ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ፍሬም) ላይ ይወጠራል፤ ሳይለጠጥ ጠበቅ ማለት አለበት፣ የተለጠጠ ከመወጠሪያው ሲወጣ ይሸበሸባል። የሚቀደደው ማጠንከሪያ ለቀላል መስመር ጥልፍ ይበቃል፤ ለተሞላ ጥልፍ ግን ተቆርጦ ጀርባው ላይ የሚቀረው፣ መረብ መሳዩ ስስ ዓይነት ይመረጣል። መርፌው የጥልፍ 75፣ የላይ ክሩ ቁጥር 40 ፖሊስተር፣ የቦቢኑ (የስር ክሩ) ደግሞ ስስ ቁጥር 60 ነው። ሬዮን ክር ያብለጨልጫል፣ ለሚታጠብ አልጋ ልብስ ግን ፖሊስተር ይሻላል። 12,000 ስፌት ያለው ንድፍ በደቂቃ 600 ሲወጋ መርፌው ብቻ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለ12 ካሬ አራት ሰዓት ማለት ነው፣ ያውም ክር መቀየሩና ትርፍራፊ ክር መቁረጡ ሳይቆጠር።

ጥልፉ ካለቀ በኋላ ካሬው በፎጣ ላይ ፊቱ ተደፍቶ በጀርባው በካውያ ይተኮሳል፤ እንዲህ ሲሆን ክሩ አይደፈጠጥም። ቀጥሎ ከስሩ ያለውን በሚያሳይ ባለ ካሬ ማስመሪያ ላይ 6¼ ኢንች የሚገናኝበት ነጥብ የጥልፉ መሃል ላይ ይደረግና ሁለት ጎን ይቆረጣል፤ ካሬው ዞሮ የቀሩት ሁለቱ ይቆረጡና ልኩ 12½ ኢንች ይመጣል። ትርፉ ግማሽ ኢንች ለስፌት ነው፤ በየጎኑ ሩብ ኢንች። ለዚህ የሚያገለግለውን ክብ ስለት ያለው መቁረጫ የጃፓኑ ኦልፋ እ.ኤ.አ. በ1979 ካወጣው ወዲህ መቀስ በዚህ ሙያ ሁለተኛ ሆኗል።

ትንሽ ማሽን ያላት ሰው ተስፋ አትቁረጥ። የ4 በ4 ኢንች መወጠሪያ ላይ የተጠለፈ ትንሽ ካሬ መሃል ተደርጎ፣ በዙሪያው ጠባብ ባቲክ እየተዞረ ሊሰፋ ይችላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ሎግ ካቢን የሚባለው አገጣጠም ይህ ነው። በእኔ ግምት ከትልቁ ጥልፍ ይልቅ ይህ ያምራል፣ የባቲኩን ቀለም ለማየትም ዕድል ይሰጣል።

ካሬዎቹ በሦስት ረድፍና በአራት መስመር ተደርድረው፣ በመካከላቸውና በዙሪያቸው 2 ኢንች፣ በመጨረሻ ደግሞ 5 ኢንች ጠርዝ ቢታከል፣ 54 በ68 ኢንች (137 በ173 ሴንቲ ሜትር) ይወጣል፤ ለሶፋ የሚበቃ ነው። ገበሩ በየጎኑ 4 ኢንች ይተርፍ ስለሚባል 62 ኢንች ስፋት ይፈልጋል፤ የባቲክ ወርድ ብዙውን ጊዜ 42 እስከ 44 ኢንች ስለሆነ ሁለት ቁራጭ መቀጠል ግድ ነው። ሲገጣጠም ስስና ስል የሆነው ማይክሮቴክስ መርፌ ባቲክን ሳያስቸግር ይወጋል። ሦስቱ ድርብ ሲያያዙ ስፌቱ በጥልፉ ላይ አያልፍም፤ ጥልፉን ተከትሎ በዙሪያው ይዞራል፣ መሃሉም ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል።

ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይና ሐምራዊ ባቲክ ቀለም ሊለቁ ይችላሉ። ሳይቆረጡ በፊት ከነጭ ጨርቅ ቁራጭ ጋር አጥቦ ማየት ነው፤ ነጩ ከቀለመ እስኪጠራ ይደጋገማል። ተቆርጠው የሚሸጡትን 2½ ኢንች ጠባብ ጥቅሎች ግን ቀድሞ ማጠብ አይመችም፤ ክራቸው ወጥቶ ይተበታተባሉ። እነሱ የገቡበት ኩዊልት መጀመሪያ ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀለም ከሚይዝ ወረቀት ጋር ማሽን ውስጥ ይገባል፤ እንደወጣም ሳይታጠፍና ሳይነባበር ወዲያው ተዘርግቶ ይደርቃል።