የባሕር ዳርቻ የእግር መንገድ የክብደት ደረጃ ምንድን ነው?

የክብደት ደረጃ አንድ የእግር መንገድ ለምን ዓይነት ተጓዥ እንደሚስማማ፣ ተጓዡ ገና ከቤቱ ሳይነሣ የሚያሳውቅ ምደባ ነው። በአንዳንድ አገሮች «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» በሚሉ ቃላት፣ በሌሎች ደግሞ በቁጥር ይገለጻል፤ የሚሰጡትም ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚንከባከቡት የፓርክ አስተዳደሮች ወይም የእግረኞች ማኅበራት ናቸው። የመንገዱ ርዝመት፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ የመሬቱ ሁኔታ፣ የአቅጣጫ ምልክቶቹና ከተጓዡ የሚጠበቀው ልምድ አንድ ላይ ተመዝነው አንድ ቃል ወይም አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ለባሕር ዳርቻ መንገድ ግን ይህ ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ የዚህ ዓይነቱ መንገድ ክብደት እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣልና። ጠዋት ሕፃናት የሚሮጡበት አሸዋ ከቀትር በኋላ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ውሃ ሊሸፈን ይችላል።

በዝርዝር ከተብራሩት ምደባዎች አንዱ የአውስትራሊያው ባለ አምስት ደረጃ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሜዳማ፣ ወለሉ የተስተካከለ፣ መወጣጫ እርከን የሌለውና ከ5 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ሲሆን፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ረዳት ካለው ሊሄድበት ይችላል። ሁለተኛው ለስላሳ ዳገትና አልፎ አልፎ እርከን ያለበት፣ እስከ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው፤ ሦስተኛው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ አጭር ግን አቀበታማ ክፍልና ብዙ እርከኖች ያሉበት ነው። አራተኛው ሸካራና በጣም አቀበታማ ሊሆን ስለሚችል ልምድ ላላቸው የሚመከር ሲሆን፣ አምስተኛው ምልክት በሌለበት አቅጣጫቸውን ማግኘትና የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠት ለሚችሉ እጅግ ልምድ ላላቸው ተጓዦች ብቻ የታሰበ ነው። የሥርዓቱ ትልቁ ጥቅም ያለው ቁጥሩን አጅቦ በሚመጣው መግለጫ ላይ ይመስለኛል። «መካከለኛ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ምልክት ምንም ካለመጻፍ ብዙ አይሻልም፤ ወጣት ሯጭና ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ቃሉን በአንድ ዓይነት አይረዱትም።

ስለ ባሕር ዳርቻ መንገድ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዳገቱ ግምት ነው። ከፍታ የሚለካው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ስለሆነ፣ ባሕሩን ይዞ የሚሄድ መንገድም ሜዳ ይመስላቸዋል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከማይንሄድ ተነሥቶ ፑል አጠገብ የሚያልቀው ሳውዝ ዌስት ኮስት ፓዝ 1,014 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድበት ሰው በድምሩ ወደ 35,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ይወጣል፤ ይኸውም ከኤቨረስት ቁመት አራት እጥፍ ጋር የሚቀራረብ ነው። ምክንያቱ ከመንገዱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። መንገዱን እየተመላለሱ ያቀኑት በአብዛኛው ኮንትሮባንድ የሚከታተሉ የጠረፍ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ጀልባ ሊደበቅበት የሚችለውን እያንዳንዱን ወሽመጥ መመልከት ስለነበረባቸው ከገደሉ አፋፍ አልራቁም። ጅረት ገደሉን ሰንጥቆ ወደ ባሕር በገባበት ቦታ ሁሉ መንገዱ እስከ ውሃው አጠገብ ይወርድና ወዲያው መልሶ ይወጣል። በፈረንሳይ ብረታኝ የተባለውን ክፍለ ሀገር ዳርቻ የሚዞረው ጂአር 34 የተባለ የእግር መንገድ «የጉምሩክ ዘበኞች መንገድ» እየተባለ የሚጠራውም ከዚሁ ሥራ የተነሣ ነው።

ዳገቱ ጊዜን ምን ያህል እንደሚያራዝም ለመገመት፣ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፤ በግርድፉ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ይታሰባል። በእንግሊዙ መንገድ አማካይ ዳገት ብናሰላው፣ 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ከ500 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ በሜዳ ሦስት ሰዓት የሚፈጅበት ጉዞ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። ይህም ለጤነኛ ሰው፣ ያለ ዕረፍት፣ በጠንካራ መሬት ላይ ነው። ደረቅ አሸዋና ልል ጠጠር እግርን ስለሚውጡ ስሌቱ አይሠራባቸውም፤ ውሃ አሁን የለቀቀው እርጥብ አሸዋ ግን ጠንከር ስለሚል ይቀላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በብዙ የውቅያኖስ ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚያልፍ ሰዓቱ በየዕለቱ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ትናንት በደረቅ እግር ያለፉበት ቦታ ዛሬ በዚያው ሰዓት ውሃው ገና ያልለቀቀው ሊሆን ይችላል። ውሃው የሚጨምረው በእኩል ፍጥነት አይደለም። መርከበኞች በሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት ስድስት ሰዓት የሚፈጀው ሙላት በአሥራ ሁለት እጅ ተከፍሎ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ እጅ ይጨምራል። በሙላትና በጉድለት መካከል የ6 ሜትር ልዩነት ባለበት ዳርቻ፣ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው ግማሽ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት በድምሩ 3 ሜትር ይጨምራል። የመጀመሪያውን ሰዓት አዝጋሚነት አይቶ የተዘናጋ ተጓዥ ጀርባው ገደል፣ ፊቱ ውሃ የሚሆንበት በዚህ የተነሣ ነው። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሚሆንባቸው ቀናት አካባቢ ልዩነቱ ከፍ ይላል፤ የአየር ግፊት ሲቀንስና ነፋስ ወደ ምድር ሲነፍስ ደግሞ ውሃው የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓትና ከፍታ አስቀድሞ በሚያሳየው የባሕር ሰንጠረዥ ከተጻፈው በላይ ሊወጣ ይችላል። እንደ ሜዲትራኒያን ባሉ ባሕሮች ግን ልዩነቱ በአብዛኛው አነስተኛ ስለሆነ ጉዳዩ ይህን ያህል አያሳስብም።

በኒውዚላንድ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የኤቤል ታዝማን ዳርቻ መንገድ በአመዛኙ ለስላሳ ሆኖ ሳለ፣ አዋሮዋ የተባለውን የባሕር መግቢያ መሻገር የሚቻለው ውሃው ዝቅተኛ ከሚሆንበት ሰዓት በፊት ባለው አንድ ሰዓት ተኩልና በኋላው ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ብቻ ነው፤ ማለፊያ አማራጭ መንገድም የለውም። በደቡብ አፍሪካ የአምስት ቀን ጉዞ የሆነው ኦተር ትሬል በአራተኛው ቀን የብሎክራንስን ወንዝ መፍሰሻ ያሻግራል፤ የዚያን ዕለት የመነሻ ሰዓት የሚቆረጠውም በባሕሩ ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ አንድን መንገድ በአማካዩ ሳይሆን በከባዱ ቦታ መመዘን ይገባል፤ ዘጠና እጁ ሜዳ ቢሆንም የቀረውን መሻገር ለማይችል ሰው መንገዱ ዝግ ነው።

አቅማቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲሄዱ ከደረጃው ቁጥር ይልቅ የመውጫዎቹ ብዛት ይበልጥ ይጠቅማል፤ በየሦስትና በየአራት ኪሎ ሜትሩ ወደ ተሽከርካሪ መንገድ የሚያወጣ ቅያስ ካለ፣ የደከመው እዚያ ሲቀር ብርቱው ይቀጥላል። በገደል ሥር ባለ አሸዋ ላይ የሚሄዱ ከሆነ ውሃው እየጎደለ ሳለ መነሣትና የሁሉንም ፍጥነት በቀርፋፋው ተጓዥ ማስላት ያስፈልጋል። ማዕበል ገደሉን ከሥሩ ስለሚቦረቡረው መንገዱ ራሱ ቦታ ይለቅቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የእንግሊዝ የባሕርና የዳርቻ ሕግ፣ ዳርቻው ሲሸረሸር የእግር መንገዱም አብሮ ወደ ውስጥ እንዲሸሽ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። በአሮጌ ካርታ ላይ የተሰጠ ደረጃ ዛሬ በሌለ መንገድ ላይ የተሰጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመነሣት በፊት የአስተዳደሩን የቅርብ ጊዜ ማስታወቂያ ማየት ያስፈልጋል።