ይግባኝ ምንድን ነው? ሕዝብ ያልተቀበለው ፍርድ የሚመለስበት በር

«በነፃ ተሰናብቷል» የሚል ወሬ ከችሎት ከወጣ፣ ደሴ ላይ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ለመድረስ የአንድ ባጃጅ ምልልስ ይበቃዋል። የሟች ወገን ያለቅሳል፣ ጎረምሳው ድንጋይ ያነሳል፣ ሱቅ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ነገሩ ገና አልተቆረጠም። ይግባኝ የሚባልበት የ15 ቀን ቆጠራ ግን ተጀምሯል።

ይግባኝ ማለት በአንድ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ወገን፣ የበላይ የሆነው ፍርድ ቤት ያንኑ መዝገብ መርምሮ ስህተቱን እንዲያርም የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። ተሁለደሬ ወይም ቃሉ ላይ የወረዳው ፍርድ ቤት የወሰነው ደሴ ላለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የራያ ቆቦው ወልድያ ይሄዳል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራሱ በመጀመሪያ ያየው ከሆነ ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ትልቁ ስህተት የሚጀምረው «ማን ይበል?» ከሚለው ነው። በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የሚለው የተፈረደበት ሰው ወይም ዐቃቤ ሕግ ነው። ደሙ የቤተሰቡ ቢሆንም ክሱ የመንግሥት ነውና የሟች ወንድም በራሱ ስም በነፃ መለቀቁን ሊቃወም አይችልም። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ከቤተሰቡ ሁለት ሦስት ሰው ተመርጦ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ መሄድ አለበት። ይግባኝ ይባል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛው ምስክር በችሎት እንደታለፈ፣ የትኛው ማስረጃ እንዳልተመዘነ የሚያውቁትን ይንገሩ።

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውሳኔው በተነበበ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ መባሉ በጽሑፍ ይገለጻል። ከዚያ የውሳኔው ግልባጭ ይጠየቃል፤ ግልባጩ እጅ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ዝርዝር ማመልከቻው ይቀርባል። ግልባጩ የተሰጠበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ማስጻፍ አይረሳ፤ በኋላ ክርክር የሚነሳው እሱ ላይ ነው። ማመልከቻው ዋይታ አይደለም። ውሳኔው የተሳሳተበትን ነጥብና የሚጠየቀውን ዳኝነት ባጭሩ ያስቀምጣል። «ሕዝቡ ተቆጥቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለይግባኙ ምንም አይጨምርለትም፤ «ሦስተኛው ምስክር ያየውን ሲናገር የስር ፍርድ ቤቱ ምክንያት ሳይሰጥ አልፎታል» የሚለው ግን ይጨምርለታል። ዳኞቹ መዝገቡን አይተው ቅሬታው በቂ ከመሰላቸው «ያስቀርባል» ብለው መልስ ሰጪውን ይጠራሉ፤ ካልመሰላቸው ሳይጠሩ ይዘጉታል። ከሰሙ በኋላ ያጸናሉ፣ ያሻሽላሉ ወይም ይሽራሉ። በነፃ የተለቀቀውንም ጥፋተኛ ብለው ሊቀጡት ይችላሉ።

ይህ በር በሁሉም አገር የለም። በሚያዝያ 1984 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጥቁር አሜሪካዊውን ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ በቪዲዮ የተቀረጹትን አራት ፖሊሶች ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች) አንዳቸውንም ጥፋተኛ ሳይል ቀረ። ከተማዋ ለቀናት ነደደች፤ ከ60 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ወደመ። በአሜሪካ ሕግ ዐቃቤ ሕግ በነፃ በተለቀቀ ሰው ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም። ስለዚህ የፌዴራሉ መንግሥት የኪንግን የዜግነት መብት ጥሰዋል ብሎ በፖሊሶቹ ላይ አዲስ ክስ መሠረተ፤ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሁለቱ ጥፋተኛ ተባሉ፣ እያንዳንዳቸው 30 ወር ተፈረደባቸው። ረብሻው ነው መንግሥትን ያስነሳው የሚሉ አሉ። ቢሆንም ጥፋተኛ ያስባላቸው ችሎት ፊት የቀረበው ማስረጃ ነው፤ የተቃጠለው ሱቅ ግን በፍርዱ እጁ የሌለበት ሰው ሱቅ ነበር። እኛ ዘንድ ለዐቃቤ ሕግ የተከፈተው የይግባኝ በር እዚያ ዝግ ነበር።

ድንጋይ ሲወረወር ይህ በር እንዴት እንደሚጠብ ይታይ። መንገድ ሲዘጋ ከገጠር ቀበሌ ያለው ቤተሰብ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ መድረስ ያቅተዋል፤ ቀኑ ይነጉዳል። ተከታትለው ማስፈጸም የሚችሉት የሟች ወንድሞች በረብሻው ተጠርጥረው ይታሰራሉ። ከሁሉ የሚከፋው የምስክሮች ነገር ነው፤ ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ ቢታዘዝ፣ ቤቱ በድንጋይ ሲደበደብ ያየ ምስክር ተመልሶ አይቆምም።

ቁጣን በሰልፍ ማሰማት ራሱ ክልክል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰልፉ ከመደረጉ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ሽማግሌዎችም ቦታ አላቸው፤ ራያ ቆቦ ላይ ዘወልድ የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ በሌላውም የወሎ አገር አባቶች በዱዓና በምርቃት ደም ያደርቃሉ፣ ቂም ያበርዳሉ። እርቁ ግን የዐቃቤ ሕግን መዝገብ አይዘጋም፤ የይግባኙንም ቀን አያስቆምም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ።

ቀኑ ካለፈ የሚቀረው የማስፈቀጃ ማመልከቻ ነው፤ መዘግየቱ በአመልካቹ ወይም በጠበቃው ጥፋት እንዳልመጣ ማስረዳት ግድ ይላል። «ከተማው ተረብሾ ነበር» የሚል ሰው ቢሮው የተዘጋበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ። ይግባኙም ካልሠመረ ሰበር ሰሚ ችሎት አለ፤ ለፌዴራሉ ሰበር የመጨረሻው ውሳኔ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ ይቀርባል። እዚያ ግን ምስክር አይመዘንም፤ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው።