«ካርታው ይናገራል»፤ ሲገለጥ ነው እንጂ

በፖከር ጨዋታ የመጨረሻው ውርርድ ያበቃል። ተጫዋቹ ሁለት ካርታዎቹን ሳይገልጥ፣ እንደተደፉ ወደ ዲለሩ (ካርታ አዳዩ) ይገፋና «ፍለሽ አለኝ»፣ ማለትም አምስት ባለ አንድ ዓይነት ምልክት ካርታዎች አሉኝ ይላል። ዲለሩ እጁ እንደለመደው ካርታዎቹን ሰብስቦ ከተጣሉት ጋር ይቀላቅላቸዋል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ብድግ ብሎ «ኧረ ካርታው ይናገራል!» እያለ መሟገት ይጀምራል። አባባሉ ከዚህ ይበልጥ ያለቦታው ሊውል አይችልም። ካርታው እንዳይናገር ያፈነው ራሱ ባለቤቱ ነውና።

በፖከር ጠረጴዛ «ካርታው ይናገራል» ሲባል፣ በሾውዳውን (ውርርዱ አልቆ ካርታ በሚገለጥበት) ሰዓት አሸናፊው የሚለየው ሰው አለኝ ባለው ሳይሆን ተገልጦ በሚታየው ነው ማለት ነው። «ጥንድ ብቻ ነው ያለኝ» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካርታዎቹን ሲገልጥ ስትሬት (ተከታታይ አምስት ካርታዎች) ከተገኘበትና ከእሱ የሚበልጥ እጅ፣ ማለትም የካርታ ስብስብ፣ ከሌለ ፖቱ (የተወራረዱበት ገንዘብ) የእሱ ነው። ኦማሃ በሚባለው የፖከር ዓይነት ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል፤ በእጅ ካሉት አራት ካርታዎች የግድ ሁለት፣ በጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ከተዘረጉት አምስት የጋራ ካርታዎች የግድ ሦስት መውሰድ ስለሚያስፈልግ ብዙ የተጫወተ ሰውም የራሱን እጅ አሳስቶ ያነባል። ውርርድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተራው የደረሰ ተጫዋች «ሬይዝ» (ውርርዱን ከፍ አደርጋለሁ) ካለ፣ ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚወራረዱበትን ጠፍጣፋ ክብ) ባይነካም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ይያዝበታል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አፍ ሲወራረድ ያስራል፣ እጁን ሲናገር አያስርም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በእኔ እምነት የአባባሉ ሥር ያለው ፖቱ ለትልቁና ለትንሹ እጅ እኩል በሚከፈልበት «ሃይ ሎ» በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ነው። በቤት ጨዋታዎች የዚህ ዓይነቱ ፖከር «ዲክሌር» በሚሉት ሥርዓት ይካሄዳል። ውርርዱ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውርደው ቺፕ ይጨብጣሉ ወይም ባዶውን ይጨብጣሉ፤ ከዚያ ጭብጣቸውን አውጥተው በአንድ ጊዜ ይከፍቱታል። በአንደኛው ልማድ ባዶ እጅ «ለትንሹ ነኝ»፣ አንድ ቺፕ «ለትልቁ ነኝ»፣ ሁለት ቺፕ «ለሁለቱም ነኝ» ማለት ነው። የጠረጴዛው ዝቅተኛ እጅ ያለው ሰው ተሳስቶ አንድ ቺፕ ጨብጦ ከወጣ የትንሹ ድርሻ ያመልጠዋል። ካርታው አሸንፎ ሳለ ጭብጡ አሸነፈው። ደግሞም አንዱ ዘግይቶ ይከፍታል፣ ሌላው የጎረቤቱን ጣት አይቶ ቺፑን ሊለቅ ይሞክራል፤ ጭቅጭቅ አያጣውም። በካዚኖ ግን ጭብጡ ቀርቶ ሁሉም ካርታውን ይገልጣል፣ ዲለሩም ያነባል። ይህ አጨዋወት ከዲክሌር የሚለይበት ስሙ ደግሞ ራሱ «ካርታው ይናገራል» ነው። ለዚህም ነው ቃሉ «ያሸንፋል» ሳይሆን «ይናገራል» የሆነው የምለው፤ ማሳወቅ ከሰው ተወስዶ ለካርታው ተሰጠ። ከዚህ ከተነሳን አባባሉ ካርታውን ግለጠው የሚል ትእዛዝ አለበት።

እስኪገለጥ ድረስ ግን ካርታ ድምፅ ስለሌለው ጠባቂ ያሻዋል። ጥበቃው የሚጀምረው ካርታው ከታደለበት ቅጽበት ነው። ሁለቱ ካርታዎች ከጠረጴዛው ሳይነሱ ይደራረባሉ፤ አንዱ መዳፍ እንደ ጣራ ይከልላቸዋል፣ የሌላው እጅ አውራ ጣት ቁጥሩና ምልክቱ እስኪታይ ብቻ ጠርዛቸውን ቀና ያደርጋል። ወደ ደረት አንስቶ ማየት ለጎረቤት ማሳየት ነው፤ ከጠረጴዛ በታች ማውረድማ ፈጽሞ ክልክል ነው። ከታዩ በኋላ መሃላቸው ላይ አንድ ቺፕ ወይም ትንሽ ከበድ ያለ ዕቃ ይቀመጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖከር ሲሪስን ዋና ውድድር ያሸነፈው ግሬግ ሬይመር «ፎሲልማን» የተባለው ካርታው ላይ በሚያስቀምጠው ቅሪተ አካል ነው። ዕቃው ምንም ይሁን ሥራው ሁለት ነው፦ ለዲለሩ «ይህ እጅ ገና በጨዋታ ላይ ነው» ይለዋል፤ ተንሸራቶ የሚመጣ የሌላ ሰው የተጣለ ካርታም እንዳይቀላቀል ይከላከላል። አደጋው ከሁሉ የሚብሰው ከዲለሩ ግራና ቀኝ ለሚቀመጡት ነው፤ ካርታ የሚሰበስበው እጅ በፊታቸው ስለሚመላለስ። በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቶርናመንት (የፖከር ውድድር) ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ በዚህ ላይ አይራራም፦ ዲለሩ በስህተት ወስዶት ተለይቶ ሊታወቅ ያልቻለ ያልተጠበቀ እጅ ሞቷል፣ ማለትም ከጨዋታ ውጭ ነው፤ ሌላው ሰው ኮል ያደረገው (እኩል አስይዞ የተቀበለው) ውርርድም አይመለስም። የሚመለሰው ማንም ኮል ያላደረገው ክፍል ብቻ ነው። ጥበቃ ማለት ግን መደበቅ አይደለም። ካርታውን ከቺፕ ክምር ጀርባ ያስቀመጠ ሰው ፎልድ ያደረገ (ካርታውን ጥሎ የወጣ) ይመስላል፤ ቀጣዩ ያለተራው ይጫወትና ሁሉ ነገር ይበላሻል።

ሾውዳውን ላይ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጨረሻው ዙር ላይ የተወራረደው ወይም ሬይዝ ያደረገው ቀድሞ ይገልጣል፤ ማንም ካልተወራረደ የማደል ተራን ከሚያመለክተው ምልክት («በተን») በስተግራ ካሉት ውስጥ በጨዋታው የቀረው የመጀመሪያው ሰው ይጀምራል። ሁለቱም ካርታዎች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይገለጣሉ፤ አንዱን አሳይቶ ሌላውን መያዝ እጁን ያልተገለጠ ያደርገዋል። አምስቱ የጋራ ካርታዎች የሁሉም ምርጥ እጅ ቢሆኑ እንኳ በቶርናመንት ካርታውን የጣለ ድርሻ የለውም። ፖቱ ተገፍቶ እስኪደርስም ካርታውን አለመልቀቅ ነው።

በትክክል ከተገለጠ በኋላ ግን አባባሉ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ዲለሩ በግልጽ አሸናፊ የሆነ የተገለጠ እጅ ሊገድል አይችልም። ዲለሩ አሳስቶ ካነበበም በጨዋታው የሌለ ሰው ሳይቀር መጠቆም ይፈቀድለታል። ከመገለጡ በፊት ግን «አትጣል፣ አሸንፈሃል» ማለት ነውርም ጥፋትም ነው፤ አንድ እጅ የሚጫወተው አንድ ሰው ነውና። ብዙ የፖከር ማጫወቻ ቤቶች ያላቸው አንድ የሚገርም ደንብም አለ፦ ፖቱን ያሸነፈው ሰው ራሱ የተሸናፊውን የተጣለ እጅ ልይ ብሎ ከጠየቀ ያ እጅ ሕይወት ይዘራል፤ ከበለጠም ፖቱን ይወስዳል። ሌላ ሰው ከጠየቀ ግን እንደሞተ ይቀራል። የተጣለ እጅ ልይ የማለት መብት የተሰጠው ተመሳጥረው የሚጫወቱትን ለማጋለጥ ነበር፤ ለጉጉት ማብረጃ ያደረጉት ሰዎች ለሌላውም ያበላሹታል።

አሁን አሁን አባባሉን ለተንኮል መሸፈኛ የሚያውሉትም በዝተዋል። አንዱ «ስትሬት» ይላል፣ ተቃራኒው ሰምቶ ካርታውን ይጥላል፣ ስትሬቱ ደግሞ የለም። ሲጠየቅ «ካርታው ነው የሚናገረው፣ የእኔን ወሬ ለምን ሰማህ?» ይላል። እርግጥ የተጣለው እጅ ሞቷል፤ ሰውየውም አይቶ እንጂ ሰምቶ መጣል አልነበረበትም። ነገር ግን ሆን ብሎ እጅን ማሳሳት ቅጣት ያስከትላል። ዲለሮችም ይህን ክፍተት የሚደፍኑበት ቀላል መንገድ አላቸው፦ ተጫዋቹ የተናገረውን ከመድገም ይልቅ «እባክዎ ሁለቱንም ይግለጡ» ማለት፣ ከዚያ አምስቱን ካርታዎች በጣት እያመለከቱ ማንበብ፣ አሸናፊውንም እጅ ፖቱ እስኪገፋ ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ መተው።