«አቅርቦ ያሾማል» ማለት ምን ማለት ነው?

«ካቢኔው ዳኞችን ሾመ» የሚለውን አነጋገር ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት፤ የተናገረው የሕግ ጉዳዮችን የሚተነትን ሰው በመሆኑ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሥልጣንና ተግባር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 ተዘርዝሯል፤ ዳኛን መምረጥም ሆነ መሾም በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ተንታኙ «ካቢኔው ባይሆን እንኳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾማሉ፤ ያው ነው» ሲል አክሏል። ያው አይደለም። አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 2 ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲናገር «አቅርቦ ያሾማል» እንጂ «ይሾማል» አይልም፤ የሥልጣን ክፍፍሉ በሙሉ ያረፈው በዚህች በ«ያ» ፊደል ላይ ነው። ዕጩዎቹን የሚመርጠው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚመራው የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ ሲሆን፣ ሿሚው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመካከል ለጋብቻ እንደሚላክ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ የልጁን ስም ይዞ ከልጅቷ ወላጆች ደጅ ይቆማል፤ ስለ ልጁ ጠባይና ሙያ ይናገራል፤ ነገር ግን ልጁን የመረጠውም ልጅቷን የሚድረውም እርሱ አይደለም። በመንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ የወንድሙን ልጅ ስም ቢያነሣ ሽማግሌነቱን ለቆ መራጭ ሆነ ማለት ነው። ከደጅ ሳይደርስ ቢመለስስ? ንዑስ አንቀጹ ዕጩዎች የሚቀርቡበትን የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም፤ እኔ ግን «ያሾማል» ግዴታን እንጂ ፈቃድን አያመለክትም ባይ ነኝ።

ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን ግን ሽማግሌው ልጁንም ይመርጣል፤ ዕጩ አቅራቢው ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸውና። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም.፣ አቶ ቴዎድሮስ ምሕረትም በ2015 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት የቀረቡት በዚህ መንገድ ነው፤ የሾማቸው ግን ምክር ቤቱ ነው። በክልል ደግሞ ከክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በስተቀር የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ ዕጩዎቹን ለክልሉ ምክር ቤት ስለሚያቀርብ፣ «ካቢኔው ሾመ» ማለት ሽማግሌ ላልተላከበት ጋብቻ ሽማግሌውን ማመስገን ነው። ለክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች በቅድሚያ የፌዴራሉ ጉባዔ አስተያየት መጠየቅ አለበት፤ አስተያየቱ በሦስት ወር ካልመጣ የክልሉ ምክር ቤት ሹመቱን ሊያጸድቅ ይችላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ተከራክረው የተረቱ አንድ አባት ውሳኔውን በእጃቸው ይዘው «ዳኛው የካቢኔው ሰው ነው፤ የሾመው ያነሣዋል፤ ምን ብዬ ልከራከር?» ብለውኛል። በአንቀጽ 79 መሠረት ዳኛን ከሥራ የሚያነሣ የጉባዔው ውሳኔ በምክር ቤት ድምፅ መጽደቅ እንዳለበት፣ ካቢኔው እጁን የሚያስገባበት ቦታም እንደሌለ እያነበብኩ አስረዳኋቸው። ወደ እኔ የመጡት ግን የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።