ክላሲኮ በንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ

ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ክላሲኮ በሚባለው ጨዋታቸው በስፔን ሊግ፣ በላሊጋ፣ በዓመት ሁለቴ ይገናኛሉ። የተሸነፈው ደጋፊ «ቆይ፣ መልሱ አለ» ብሎ ይጽናናል። በስፔን ንጉሥ ዋንጫ ማለትም በኮፓ ዴል ሬይ ፍጻሜ ግን መልስ ብሎ ነገር የለም። ያቺ አንዲት ጨዋታ ናት። ሁለቱ ክለቦች በዚህ ፍጻሜ የተገናኙት 8 ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936፣ 1968፣ 1974፣ 1983፣ 1990፣ 2011፣ 2014 እና 2025። እስካሁን 4 ለ 4 ናቸው።

ውድድሩ ከላሊጋ ይበልጣል በዕድሜ። ዋንጫው ከ1903 ጀምሮ ሲካሄድ ሊጉ የመጣው በ1929 ነው። ስሙ ግን ከአገዛዙ ጋር አብሮ ሲቀያየር ኖሯል። ንጉሡ ሲወርዱ የሪፐብሊኩ ፕሬዝዳንት ዋንጫ ተባለ፤ በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን የጄነራሊሲሞ ዋንጫ ሆነ፤ ፍራንኮ ሞቶ ንጉሥ ሲነግሥ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ማድሪድም በሪፐብሊኩ ጊዜ «ሪያል» የሚለው ንጉሣዊ ስም ተነጥቆ ባዶውን ማድሪድ ተብሎ ተጫውቷል።

የመጀመሪያው የክላሲኮ ፍጻሜ የተደረገው በዚያው ዘመን ነው። ጁን 21 ቀን 1936፣ ቫሌንሲያ፣ ሜስታያ ስታዲየም። ማድሪድ ገና በጊዜ 2 ለ 0 መራ፣ ኤስኮላ ለባርሳ አንድ መለሰ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ያው ኤስኮላ ከቅርብ ርቀት ወደ ግቡ ጥግ መታ። በረኛው ሪካርዶ ዛሞራ ተወረወረ። አቧራው ቦነነና ለአፍታ ምንም አልታይ አለ። አቧራው ሲረጋ ኳሷ እጁ ላይ ነበረች። ዛሞራ ቀደም ሲል ለባርሴሎና የተጫወተ ሰው መሆኑ ለባርሳዎች ሌላ ንዴት ነው። አንድ ወር ሳይሞላ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ።

በ1968ቱ ጨዋታ ሜዳው ራሱ የማድሪድ በርናቤው ነበር። በ6ኛው ደቂቃ የማድሪዱ ሱንሱኔጊ በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረ፤ ሌላ ግብ አልታየም። ባለሜዳው ደጋፊ በዳኛው ተናዶ ጠርሙስ ወደ ሜዳ ያዘንብ ጀመር። ጨዋታው እስከ ዛሬ «የጠርሙሶች ፍጻሜ» ይባላል። ዋንጫውን ለባርሳው አምበል የሰጡት ፍራንኮ ራሳቸው ናቸው። ፍራንኮ ለጨቆናቸው ካታላኖች፣ ለባርሴሎና ክልል ሰዎች፣ ከዚህ የሚጣፍጥ ድል ያለ አይመስለኝም።

የዚህ ፍጻሜ ትልቁ ጉድ ሌላ ነው። ከ1968 እስከ 2014 በተደረጉት 6 ጨዋታዎች፣ ዋንጫውን በሙሉ የወሰደው በዚያ ዓመት በሊጉ ከተቀናቃኙ በታች የጨረሰው ቡድን ነው። በ1974 ባርሳ የሊጉ ሻምፒዮን ነበር፤ በየካቲት በርናቤው ድረስ ሄዶ 5 ለ 0 ቀጥቅጦ ተመልሷል። ማድሪድ ሊጉን 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። ፍጻሜው ላይ ግን ማድሪድ 4 ለ 0። የዚያን ጊዜ በዋንጫው የውጭ ዜጋ መሰለፍ ስለማይችል የባርሳው ኔዘርላንዳዊ ኮከብ ክሩይፍ አልነበረም፤ ይህን መርሳት የለብንም። በ1990 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ለተከታታይ 5ኛ ዓመት ሊጉን የወሰደውን ማድሪድ ባርሳ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በዚያን ጊዜ የባርሳ አሰልጣኝ የነበረው ክሩይፍም ከመባረር ተረፈ ይባላል።

በ1983 ማራዶና በባርሳ ማሊያ ዛራጎዛ ላይ ተሰልፏል። የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው ግን እሱ አይደለም። ማርኮስ አሎንሶ በመጨረሻዋ ደቂቃ በጭንቅላቱ ገጭቶ 2 ለ 1 አደረጋት። አዎ፣ በቼልሲ የተጫወተው የማርኮስ አሎንሶ አባት ነው።

በ2011 ሁለቱ በ18 ቀን ውስጥ 4 ጊዜ ተገናኙ። የማድሪዱ አሰልጣኝ ሞሪንሆና የባርሳው አሰልጣኝ ጋርዲዮላ ዓይን ለዓይን የማይተያዩበት ጊዜ ነው። ሜስታያ ላይ መደበኛው ሰዓት 0 ለ 0 አለቀ። በ103ኛው ደቂቃ የማድሪዱ ዲ ማሪያ ከግራ አሻገረ፣ ሮናልዶ ዘሎ በጭንቅላቱ አስቆጠረ። ባርሳ ያን ዓመት ሊጉንም ቻምፒየንስ ሊጉንም ወሰደ፤ ይቺን ብቻ አጣ። ለማድሪድ ከ1993 ወዲህ የመጀመሪያው የንጉሥ ዋንጫ ነበር። ሰርጂዮ ራሞስ ግን ማድሪድ ከተማ ላይ በደስታ ሰልፍ መሃል ዋንጫውን ከአውቶቡሱ ጣለውና ጎማ ሄደበት። ከ3 ዓመት በኋላ እዚያው ሜስታያ ላይ የማድሪዱ ጋሬዝ ቤል በ85ኛው ደቂቃ የባርሳውን ተከላካይ ባርትራን ከመስመር ውጪ ዞሮ ቀድሞት ሮጠና 2 ለ 1 አደረገ።

ከ2020 ወዲህ የዋንጫው ፍጻሜ ቤቱ ሲቪያ፣ ላ ካርቱሃ ስታዲየም ሆኗል። የ2025ቱም እዚያ ነበር፤ ግርግሩ የጀመረው ግን ከዋዜማው ነው። የሪያል ማድሪድ ቴሌቪዥን በዳኞች ላይ በሚያቀርበው ዘመቻ የተነሳ ዳኛው በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አለቀሱ። ልጃቸው ትምህርት ቤት «አባትህ ሌባ ነው» እንደሚባል ተናገሩ። ማድሪድ በበኩሉ ተቆጥቶ ልምምዱንና መግለጫውን ሰረዘ። ላይጫወት ነው ተባለ። ማታ ላይ እንደሚጫወት አሳወቀ።

ፔድሪ ባርሳን አስቀደመ፣ ኤምባፔና ቹአሜኒ ገለበጡት፣ ፌራን ቶሬስ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት፣ 116ኛው ደቂቃ ላይ፣ የባርሳው ተከላካይ ኩንዴ የሞድሪችን ቅብብል ነጥቆ ከሳጥን ውጪ አክርሮ መታ፤ 3 ለ 2። የማድሪዱ ሩዲገር ከተቀያሪ ወንበር ወደ ዳኛው ዕቃ ወርውሮ ቀይ ካርድ አየ፣ የ6 ጨዋታ ቅጣትም ተከተለው። ባርሳ 32ኛ የንጉሥ ዋንጫውን ያዘ። በዚያ ዓመት ሊጉም የእሱ ሆነ፤ ስለዚህ ያ የቆየ ልማድ በዚህኛው ላይ አልሠራም።