ልጅህ «ይህ ምንድን ነው?» ሲልህ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እሑድ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ስንወጣ፣ ደጁን ተሳልሜ ቀና ስል ልጄ ዓይኔን አየና «እማዬ፣ እዚህ በር ላይ ሁሌ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» አለኝ። ስምንት ዓመቱ ነው። «ዝም ብሎ ነው የኔ ጌታ» አልኩትና ኬክ ልገዛለት ይዤው ሄድኩ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንደማለቅስ አውቃለሁ እኮ። እናቴ እዚያው ፒያሳ፣ አሁን በፈረሰው ሰፈራችን፣ ጉልት ተቀምጣ ቆሎ እየሸጠች ነው አራታችንን ያሳደገችን። ገበያ የጠፋ ቀን ቤት ከመግባቷ በፊት በዚያ በር ታልፍና «ጊዮርጊስ፣ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ትላለች። ጦማችንን ያደርንበት ቀን አለ። እግዚአብሔር ግን አልጣለንም።

ይህን ለልጄ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። «እኔ ያየሁትን አይይ» ብዬ። ሁላችንም እንዲህ እንላለን አይደል? ችግሩን ስንደብቅ ግን ከችግሩ ያወጣንንም አብረን ደበቅነው።

እስቲ ዘዳግም 6ን አንብቡ። «ለልጆችህም አስተምረው» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀጥሎ ያለውን ግን ልብ ብላችሁታል? በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛም ስትነሣም «ተጫወተው» ነው የሚለው። ተጫወተው! እንደ ቡና ላይ ወሬ። ይህ የተነገረው ደግሞ 40 ዓመት በረሃ ተንከራትቶ ሊደላው ለተቃረበ ሕዝብ ነው፤ ያልሞላሃቸው ቤቶች፣ ያልማስካቸው ጉድጓዶች፣ ያልተከልካቸው ወይኖች ይሰጡሃል፣ ያኔ በልተህ ስትጠግብ እግዚአብሔርን እንዳትረሳ ተጠንቀቅ ይለዋል። ያልሠሩት ቤት ውስጥ የሚያድጉት ልጆቻችን ናቸው። ኮንዶሚኒየሙንም፣ ታብሌቱንም፣ ሰርቪሱንም ሲወለዱ አገኙት።

ቁጥር 20 ላይ ልጁ የትእዛዙን ትርጉም ይጠይቃል። መልሱ የሚጀምረው «በግብፅ አገር የፈርዖን ባሪያዎች ነበርን» ብሎ ነው። የቤተሰብ ታሪክ ይቀድማል፣ ትእዛዙ ከዚያ ይከተላል። እኛ ታሪኩን ትተን «ጹም፣ ስገድ፣ ስልኩን አስቀምጥ» እንላለን። ጾማችንም የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ ሆኗል፤ የምገዛውም እኔው ነኝ። ከምሳችን የቀነስነውን ለነዳያን ስጡ ብለው አባቶች ያስተማሩንን ልጄ ቤታችን ውስጥ አይቶት አያውቅም።

ሰኞ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ ነገርኩት። ስለ ቆሎው፣ ስለዚያ በር። «አያቴ ጫማ ነበራት ወይ?» ብሎ ሁሉ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው እሑድ የኬኩን ብር ደጁ ላይ ለሚቀመጡት እናቶች በራሱ እጅ ሊሰጥ ተነጋግረናል። ስማቸውንም እንዲጠይቃቸው ነግሬዋለሁ።

የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ነበረ ይላል ሐዋርያው። የኔ እናት አርፋለች። የእናንተ በሕይወት ካለች ግን ዛሬ ማታ ደውሉላት፣ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጉትና ልጆቹ ከራሷ አፍ ይስሙ።